ፎቶ ብላክ ወይስ ማት ብላክ?

«ጥቁርና ነጭ ፎቶ ሳትም ጥቁሩ ግራጫ ይሆንብኛል፤ ቀለሙ ፎርጅድ ነው እንዴ?» ይህ ጥያቄ ሰሞኑን ተደጋግሟል። ቀለሙን ከመጣላችሁ በፊት ወረቀቱን እዩ።

በፒግመንት ቀለም (ጥቃቅን የቀለም ብናኝ ባለው ቀለም) የሚሠሩ ብዙ የፎቶ ፕሪንተሮች ሁለት ዓይነት ጥቁር አላቸው። ፎቶ ብላክ ለሚያብረቀርቅ ወረቀት ነው፤ በመጠኑ የሚያብረቀርቁት ሳቲንና ላስተርም እዚሁ ይገባሉ። ማት ብላክ ለማያብረቀርቅ ነው፤ የጥጥ ወረቀትም ከዚህ ወገን ነው። ይህ አያከራክርም። ማት ብላክ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ አይይዝም፤ በጣት ሲነካ ይለቃል። ፎቶ ብላክ ደግሞ በማት ወረቀት ላይ ይደበዝዛል።

የአያቴን ፎቶ በጥጥ ወረቀት ላይ በፎቶ ብላክ አተምኩት። ጥቁር ካባዋ አመድ መሰለ። በዚያው ወረቀት በማት ብላክ ስደግመው የካባው እጥፋት ሁሉ ተለይቶ ወጣ። በጣም ደስ አለኝ! የቀየርኩት ነገር ቢኖር ሴቲንግ ውስጥ ያለውን የወረቀት ዓይነት ብቻ ነው። ፕሪንተሩ ጥቁሩን የሚመርጠው በዚያ ነውና።

ከማሽን ማሽን የሚለያየው አቀያየሩ ነው። ኤፕሰን ፒ800 ሁለቱን ጥቁሮች በአንድ መስመር ስለሚያሳልፍ በቀየራችሁ ቁጥር ጥቂት ቀለም ይባክናል። ፒ900 ግን ለየብቻ መስመር አለው።

አንድ ነገር ልጨምር። ማት ወረቀት በትክክለኛው ቀለም ቢታተምም የሚያብረቀርቀውን ያህል አይጠቁርም። ስለዚህ ሁለት ቀለሞችን ስታወዳድሩ በአንድ ዓይነት ወረቀት ላይ አትሙ፤ አንድ ቀን አድርቁና በመስኮት ብርሃን እዩዋቸው።