የመስከረም ረሃብና «የሚያውቅ ያውቀዋል»

ሰሞኑን ድሬዳዋ ውስጥ ከዚራ፣ ዛፍ ጥላ ሥር የተሰበሰቡ ወጣት ጸሐፊዎች ጋ ተጋብዤ ነበር። ወረቀት ታደለን። «ጸደይ ሲገባ ስለ ራስህ ምን ትተርካለህ?» ይላል። (ወሩ መስከረም ነው። በእኛ አቆጣጠር ጸደይ የሚገባው መጋቢት 26 ነው፤ መስከረም 26 የሚገባው መፀው ነው። ይሁን ብዬ አለፍኩት።)

አንዱ ልጅ ተነስቶ ስለ ፍቅረኛው አነበበ። አደይ አበባ፣ ፀሐይ፣ ነጭ ቀሚስ። መጨረሻው ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «የሐምሌን ውሃ ጥም፣ የመስከረምን ረሃብ የሚያውቅ ያውቀዋል!» አለ። ተጨበጨበ። በእኔና በእሷ መሃል ምስጢር አለ ማለቱ ነበር።

ሆዴ ተላወሰ። አያቴ ይህን አባባል የምትለው ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው።

ያደግኩት ከሐረር ወጣ ብሎ ነው። እዚያ ማሽላ በሚያዝያ ይዘራል፤ የሚታጨደው ኅዳር ላይ ነው። እህሉ የሚቀመጠው መሬት ውስጥ፣ አፉ ጠባብ ሆዱ ሰፊ በሆነ ጉድጓድ ነው። ኦሮሞ ጎረቤቶቻችን «ቦላ» ይሉታል። ታችና ጎኑ ገለባ ይለብሳል፣ አፉ በአፈር ይደፈናል። ሲከፈት ወዲያው አይገባበትም። የታመቀው ትንፋሽ ሰው ይገድላል፤ ክፍቱን አድሮ መተንፈስ አለበት። ከዚያ የወጣ ማሽላ የራሱ ሽታ አለው፣ እርጥብ አፈርና ትንሽ ጠላ ጠላ የሚል። ከተማ ያደገ ሰው አፍንጫውን ይይዛል። እኔ እስከ ዛሬ ገንፎ ሲሸተኝ ያንን እፈልጋለሁ።

ቀጭን ስለነበርኩ አንድ መስከረም በገመድ አስረው አወረዱኝ። ሥራዬ ከገለባው ሥር የቀረውን መጥረግ ነበር። ላይ ስመለከት ክብ ሰማይና የአያቴ ፊት ይታያል። «አለ?» አለችኝ። አንድ ጣሳ የማይሞላ ነበር። «አለ» አልኳት።

ስወጣ ዓለም ሁሉ አረንጓዴ ነው። ማሽላው ከአባቴ ቁመት በልጧል፣ ፍሬው ግን ገና ወተት ነው። የመስከረም ረሃብ ይሄ ነው፤ ምግቡ ፊትህ ቆሞ እየተወዛወዘ አይበላም። እኛ ልጆች ጥንቅሽ እየመጠጥን ሆዳችንን እናታልል ነበር።

የሐምሌው ጥምም እንዲሁ ነው። የድሬ ሰው ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። ከተማዋን ሰንጥቆ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፤ በሐምሌ 1998 መጨረሻ ግን በሌሊት ሞልቶ ሰው ወሰደ። ከዚያ ጎርፍ ማን ይጠጣል? ሐረርም ውሃ ይቀዳበት የነበረው የሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ በኋላ ዝናብ እየዘነበበት ጀሪካን ይዞ የተሰለፈበትን ጊዜ ያስታውሳል።

እንግዲህ የእኔ ግምት፦ ይህን አባባል የፈጠረችው ሴት ናት። አባወራ የመስከረምን ማሳ አይቶ ደስ ሊለው ይችላል። እንስራ ይዛ ወንዝ ወርዳ ድፍርስ ውሃ ያገኘችው፣ የእህሉን ማለቅ ከሁሉ ቀድማ አውቃ ዝም ያለችው ግን እሷ ናት። «የሚያውቅ ያውቀዋል» የሚለው ያ ዝምታ ይመስለኛል። እንግዳ ተቀምጦ፣ ልጅ እያየ፣ «አለቀ» አይባልም። ጎረቤት ደጃፍ ሄዳ ይህን ብቻ ትላለች፤ ያችኛይቱ ደግሞ ሳትጠይቅ ጣሳዋን ታነሳለች። አጎቴ «ከወታደር የመጣ ነው» ይላል። ወታደር ረሃቡን የሚደብቀው ከማን ነው?

ለእነዚያ ልጆች ሌላ ወረቀት ባድላቸው ስለ አበባ አልጠይቅም ነበር። ቤታችሁ ውስጥ ማለቁን መጀመሪያ ያወቀው ማን ነው? እናታችሁ ከማን ተበደረች፣ በምን ሰፈረችው? የመጀመሪያውን የበቆሎ እሸት ማን ቀመሰ፣ ማንስ «ጠግቤያለሁ» ብሎ ዋሸ? እኔ ራሴ ከዚያ ጉድጓድ ውስጥ «አለ» ያልኩትን ገና ጽፌ አልጨረስኩም።

ልጁን አልተቆጣሁትም፣ ጎበዝ ጸሐፊ ነው። አሁን ግን አባባሉ ጭራው ብቻ ተቆርጦ ስልክ ለስልክ እየዞረ ነው። አደይ አበባ መሃል ፎቶ፣ ሥሩ «የሚያውቅ ያውቀዋል»። ከእንግዲህ እንዲህ ጽፎ ያገኘሁትን ሰው ስንት ቀን እንደተራበ እጠይቀዋለሁ።