የሥራ ማስኬጃ ካፒታል ምንድን ነው?

ባለፈው ሳምንት አንዲት ደንበኛዬ ስልኳን አቅርባ አንድ የንግድ መካሪ የሚለውን አሰማችኝ። «ባንክ የተኛ ገንዘብ የሞተ ገንዘብ ነው። የሥራ ማስኬጃ ካፒታልህን አውጣና ሁለተኛ ሱቅ ክፈት» ይላል። ደሴ ላይ የነጋዴ መዝገብ መያዝ ከጀመርኩ ወዲህ ይህን ምክር ያልሰማሁበት ዓመት የለም፤ ምክሩን ተከትለው ሁለተኛውን ከፍተው የመጀመሪያውንም የዘጉ ነጋዴዎች አውቃለሁ። የቃል ስህተት ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ ነበር።

ትርጉሙ አጭር ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ጥሬ ገንዘብ ከሚለወጠው ሀብት ላይ በዚያው ጊዜ የሚከፈለው ዕዳ ሲቀነስ የሚቀረው የሥራ ማስኬጃ ካፒታል ይባላል። መካሪው የሳተው ይህ ገንዘብ የት እንዳለ ነው። እርሱ ባንክ የተቀመጠ መስሎታል። አብዛኛው ግን ባንክ የለም፤ መደርደሪያ ላይ በጨርቅ መልክ ተጣጥፏል፣ በዱቤ ደብተር ላይ በሰው ስም ተጽፏል፣ ከመርካቶ በሚመጣው ጭነት ላይ 400 ኪሎ ሜትር መንገድ እየተጓዘ ነው።

በለጋምቦና በደሴ ዙሪያ ደጋ በበልግ የሚያርስ ገበሬ ገብሱን ወቅቶ ሲያስገባ ጎተራው ይሞላል። ከከተማ የሄደ እንግዳ «ይህ ሁሉ እህል ተቀምጦ ምን ይሠራል? ሸጠህ በሬ ጨምር» ሊለው ይችላል። ገበሬው ግን ጎተራውን የሚያየው ከፋፍሎ ነው፤ ይህ መኸር እስኪደርስ የሚበላ፣ ይህ የተበደርነው የሚመለስበት፣ ይህ የዘር። ዘሩን ሸጦ በሬ የገዛ ሰው ጥር ሲመጣ ሁለት ጥማድ በሬ ይዞ የሚዘራው ያጣል። ባዶ መደርደሪያ ያለው ሁለተኛ ሱቅ ማለት እንዲህ ያለ እርሻ ነው። ምሳሌውን ትንሽ ልግፋበት። በልግ ሊቀር እንደሚችል የሚያውቅ ገበሬ ዳግመኛ የሚዘራው ዘር ያስቀምጣል፤ ለነጋዴ የበልግ መቅረት ማለት ባለ ዱቤው በቀጠሮው ሳይመጣ ሲቀር ነው። ልዩነቱ የገበሬው ዘር በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ተመልሶ ሲገባ፣ የነጋዴው ዘር ብዙ ጊዜ ይመላለሳል። ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ሳያሰሉ ስለ ማስፋፋት ማውራት ለእኔ ከባድ ጥፋት ነው።

ስለዚህ እናስላው። አንዲት ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ በቀን የመግዣ ዋጋው 10,000 ብር የሆነ ዕቃ ትሸጣለች እንበል። ዕቃው በአማካይ 30 ቀን መደርደሪያ ላይ ይቆያል። ከተሸጠ በኋላ ዱቤው ተሰብስቦ እስኪገባ 20 ቀን ይወስዳል። አከፋፋዩ ደግሞ 10 ቀን ይታገሣታል። ሠላሳና ሃያ ሲደመር፣ ዐሥር ሲቀነስ፣ አንድ ብር ከእጇ ወጥቶ እስኪመለስ 40 ቀን ነው። በ10,000 ሲባዛ 400,000 ብር ሁልጊዜ መንገድ ላይ መሆን አለበት። ሁለተኛ ሱቅ ከፍታ ተመሳሳይ ሽያጭ ካገኘች ሌላ 400,000 ያስፈልጋታል። ከኪራይ፣ ከደመወዝ፣ ከግብርና ከቤት ወጪ በኋላ በቀን 800 ብር የሚተርፋት ከሆነ በወር 24,000 ነው፤ ያንን ካፒታል ከትርፏ ለማጠራቀም ከ16 ወር በላይ ይፈጅባታል። ባንክ ያላት፣ መካሪው የሞተ የሚለው ገንዘብ 150,000 ብር ቢሆን ለኪራይ ቅድሚያና ለመደርደሪያ ሥራ ያልቃል። ሱቁ ይከፈታል፤ የሚሞላው ይጠፋል።

የሚያስቆጨኝ ደግሞ ወሎ ይህን ዕውቀት ከማንም ሳይበደር የያዘው መሆኑ ነው። ዘካ የሚያወጣ ነጋዴ ዓመቱ ሲሞላ ለሽያጭ ያለውን ዕቃ ይቆጥራል፣ በእጁና በባንክ ያለውን ገንዘብ ይደምራል፣ ይመለሳል ብሎ ተስፋ የሚያደርገውን ዱቤ ይጨምራል፣ የደረሰበትን ዕዳ ይቀንሳል፣ ከዚያ 2.5 በመቶ ያወጣል። መደርደሪያውንና ሚዛኑን አይቆጥርም። እኛ መዝገብ ያዦችም ለሥራ ማስኬጃ ካፒታል አንቆጥረውም! ያ ድምር የሥራ ማስኬጃ ካፒታል ነው ለማለት ጥቂት ብቻ ይቀረዋል። ለዘካ ዕቃው የሚገመተው በዕለቱ የገበያ ዋጋ ሲሆን፣ በሒሳብ መዝገብ ግን የተገዛበት ዋጋና ሊሸጥበት የሚችለው የተጣራ ዋጋ ተነጻጽረው ዝቅተኛው ይያዛል። የዕዳውን አቀናነስ በተመለከተ ዑለማዎች የተለያየ አስተያየት ስላላቸው ያንን ለእነርሱ እተወዋለሁ።

ባንክ ካለው ገንዘብም ቢሆን የነጋዴዋ ያልሆነ ይኖርበታል። የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ከሆነች ከሰበሰበችው 115 ብር ውስጥ 15ቱ ታክስ ነው፤ ስትገዛ የከፈለችው ታክስ ተቀንሶ ቀሪው የመንግሥት ነው። ዕቁብ ቀድሞ ከወጣላት ያ ገንዘብ ወለድ የሌለው ብድር ነው፤ በየሳምንቱ የምትጥለው ክፍያው ነው። ገና ካልወጣላት ግን የምትጥለው ቁጠባዋ ነው። ሁለቱን በአንድ ስም የሚጠራ መዝገብ ሲገጥመኝ ከመጀመሪያው ገጽ እጀምራለሁ።

መካሪው ልክ የሆነበት አንድ ነገር አለ፤ ብር ተቀምጦ ዋጋ ያጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በአሮጌው ዋጋ ሸጦ በአዲሱ የገዛ ሰው በመዝገቡ ላይ አትርፎ በመደርደሪያው ላይ ከስሯል፤ 400,000 ብሩ ቁጥሩ ሳይጎድል የሚገዛው ጣቃ አነሰ። ከዚህ የሚከተለው ግን የነበረውን ሱቅ በዕቃ መሙላት ነው። ሌላ በር መክፈት አይደለም።

ምክሩ የማይጎዳቸው ሥራዎችም እንዳሉ መካድ አልፈልግም። ሥጋና አትክልት በሳምንት ሒሳብ ወስዶ ምግቡን በጥሬ ገንዘብ የሚሸጥ ምግብ ቤት ከመክፈሉ በፊት ይሰበስባል፤ አቅራቢው ነው የሚያሠራው። ለእንዲህ ዓይነቱ ባለቤት ሁለተኛ ቤት ለመክፈት የሚያስቸግረው ጥሩ ወጥ ሠሪ ማግኘት ነው። አልባሳት፣ የቤት ዕቃና የግንባታ ዕቃ ግን ከዚህ ይለያሉ። ለዒድና ለአረፋ የሚሆን ልብስ የሚያስመጣ ነጋዴ ገንዘቡን ከሳምንታት በፊት ማሰር አለበት፤ የዓመቱ አማካይ ስሌት ለእነዚያ ሳምንታት አይበቃውም።

ደንበኛዬን «እታለም፣ ያ ባንክ ያለው የሚቀጥለው ጭነት ነው» አልኳት። «አብሽር፣ አልነካውም» አለችኝ፤ ሆኖም ማደግ ትፈልጋለች፣ ልክም ናት። የእርሷም ሽያጭ በመግዣ ዋጋ በቀን 10,000 ብር ገደማ ስለሆነና ዱቤዋ በአማካይ 20 ቀን ስለሚቆይ፣ ወደ 12 ቀን ብናሳጥረው ምን እንደሚሆን አብረን አሰላን። ስምንት ቀን በ10,000 ሲባዛ 80,000 ብር ያለ ብድርና ያለ ወለድ ወደ መደርደሪያዋ ይመለሳል። ቅዳሜ ሱቁ ከተዘጋ በኋላ የዱቤ ደብተሩን ይዘን እንቀመጣለን፤ ከ30 ቀን በላይ ካለፋቸው ስሞች እንጀምራለን።