ባሕር በሌለበት ከተማ ከባሕር ኤሌክትሪክ የማመንጨት ጥናት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በባቲና በሚሌ አድርጎ ወደ አሰብ የሚወርደው መንገድ ከኮምቦልቻ የሚነሳ በመሆኑ፣ ለከተማዋ ሰው የባሕር ወሬ እንግዳ አይደለም። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚገኘውም በዚችው ከተማ ነው። ይሁን እንጂ ስለ ታዳሽ ኃይል ምርምር በተነሳ ቁጥር፣ ወጣቶችን ከጥናቱ የሚያርቁ አንዳንድ አመለካከቶች ይደጋገማሉ። በምህንድስና መምህርነቴ በብዛት የሰማኋቸውን እዚህ አነሳለሁ።

«ባሕር ለሌላት አገር ከባሕር ኤሌክትሪክ የማመንጨት ጥናት ምን ያደርግላታል?»

በባሕር ሰርጥ ውስጥ ወዲያና ወዲህ በሚመላለስ ውሃ የሚሽከረከረው ተርባይን እና ያለ ግድብ በወንዝ ወይም በመስኖ ቦይ ውስጥ የሚተከለው ተርባይን ኃይላቸው የሚሰላው በአንድ ቀመር ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 1,000 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ በኮምቦልቻ ከፍታ ያለ አንድ ሜትር ኩብ አየር ግን 1 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። በመሆኑም በሴኮንድ 2 ሜትር የሚፈስ ውሃ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 4,000 ዋት ያህል ኃይል ተሸክሞ ሲያልፍ፣ በዚያው ፍጥነት የሚነፍስ ነፋስ የሚሸከመው 4 ዋት ገደማ ብቻ ነው። በባሕር ላይ የሚካሄደው ምርምር ያስገኘው የተርባይን ምላጭ (ክንፍ) ቅርጽና የሙከራ ዘዴ ለእኛ ቦዮችም ይሠራል፤ የጨው ዝገት ደግሞ የእኛ ራስ ምታት አይደለም።

ይህ ማለት ግን ነገውኑ ቦርከና ላይ ተርባይን ይተከል ማለት አይደለም። ከተማሪዎች ጋር ወንዙ ዳር 10 ሜትር ገመድ ዘርግተን፣ ብርቱካን ውሃው ላይ ጥለን፣ ከገመዱ ጫፍ እስከ ጫፍ የሚወስድበትን ሴኮንድ እንቆጥራለን፤ የላዩ ውሃ ከሥሩ ስለሚፈጥን የተገኘውን ፍጥነት በ0.85 ገደማ እናባዛለን። በበጋ ብርቱካኑ ድንጋይ ላይ ተይዞ ይቀራል። በክረምት ደግሞ ጎርፉ ምላጭ የሚሰብር ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ ይመጣል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ እኩል ውሃ የሚሄድበት የመስኖ ቦይ ከወንዙ የተሻለ ቦታ ነው የሚል እምነት አለኝ።

«የባሕር ሞገድና የባሕር ሙላት አንድ ናቸው»

አይደሉም። ሞገድን የሚፈጥረው ነፋስ ሲሆን፣ የውሃውን ሙላትና ጉድለት የሚያመጣው የጨረቃና የፀሐይ ስበት ነው። የፈረንሳዩ ላ ራንስ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ሥራ የጀመረ 240 ሜጋ ዋት ጣቢያ፣ እና የደቡብ ኮሪያው ሲህዋ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የተጀመረ 254 ሜጋ ዋት ጣቢያ፣ ኃይል የሚያገኙት ከሙላትና ከጉድለት ነው፤ ለዚህም በሁለቱ መካከል ብዙ ሜትር የከፍታ ልዩነት ያስፈልጋቸዋል። ቀይ ባሕር ግን ልዩነቱ አነስተኛ ስለሆነ «ባሕር በር ላይ ብንሆን ኖሮ» የሚለው ቁጭት ቢያንስ በዚህ ጉዳይ አይሠራም። ሐይቅ ላይ የሞገድ ማመንጫ እንትከል ለሚሉም መልሱ ተመሳሳይ ነው፤ ትልቅ ሞገድ እንዲነሳ ነፋሱ በብዙ ኪሎ ሜትር ክፍት ውሃ ላይ መሮጥ አለበት፣ የአካባቢያችን ሐይቆች ስፋት ደግሞ ለዚያ አይበቃም።

«ጦሳ ተራራ ላይ ነፋሱ ሰው ይጥላል፤ ጥናት ምን ያስፈልጋል?»

የነፋስ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ኃይሉ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ በግምት ላይ የተፈጠረች ትንሽ ስህተት በስሌቱ ውስጥ ትገዝፋለች። በዚያ ላይ ከጦሳ ሥር ያለችው ደሴ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፤ አምራቹ ለጠረፍ የጻፈውን ቁጥር እንዳለ መውሰድ አይቻልም። ከፍታው እንቅፋት አለመሆኑን መቀሌ አቅራቢያ ያለው 120 ሜጋ ዋቱ የአሸጎዳ የነፋስ ኃይል ጣቢያ ያሳያል።

«ፀሐይዋ ባቃጠለች ቁጥር ሶላሩ የበለጠ ይሰጣል»

ይህ ከሁሉም የተስፋፋው ነው። ሶላሩ የሚፈልገው ብርሃን እንጂ ሙቀት አይደለም። የሲሊከን ፓናል ከ25 ዲግሪ በላይ በሞቀ ቁጥር በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 በመቶ ገደማ ኃይል ያጣል፤ 60 ዲግሪ የደረሰ የ300 ዋት ፓናል በተመሳሳይ ብርሃን 258 ዋት አካባቢ ይሰጣል ማለት ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ቀን በቀትር ቆርቆሮ ላይ ተጣብቆ የታሰረ ፓናል ጀርባውን ስንለካ 62 ዲግሪ ሆኖ አገኘነው። የኤሌክትሪክ መለኪያው መልቲሜትር 34 ቮልት ያነብ ነበር። መስተዋቱ እንዳይሰነጠቅ ለብ ያለ ውሃ ቀስ እያልን ስናፈስበት፣ ቁጥሩ ተማሪዎቹ ዓይን ሥር ወደ 37 ወጣ። ብርሃኑ እኩል ከሆነ፣ ብርድ ያለባት ደሴ በዚህ ረገድ ከኮምቦልቻ ትሻላለች። ፓናሉን ከቆርቆሮው አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ፣ ፊቱን ወደ ደቡብ 11 ዲግሪ ገደማ ማዘንበል ብዙ ወጪ የለውም።

«የዩኒቨርሲቲ ጥናት መደርደሪያ ላይ ይቀራል»

የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲው ስቴፈን ሶልተር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የሠራው፣ «ዳክዬ» የተባለው የሞገድ ማመንጫ ገበያ ላይ አልዋለም። ለሙከራው የተበጀው የሞገድ ገንዳ አሠራር ግን ለተከታዮቹ ተመራማሪዎች መሠረት ሆነ፤ ዛሬ እዚያው 25 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ገንዳ ሞዴሎች ይፈተኑበታል። ለእኛም ትልቁ ክፍተት መሣሪያ ሳይሆን ሳይቋረጥ የተለካ መረጃ ነው። የቦርከና መዝገባችን ከመስከረም እስከ ሰኔ በየሳምንቱ ተሞልቷል፤ ወንዙ የሚሞላባቸው ሐምሌና ነሐሴ ግን ተማሪዎቹ ወደየቤታቸው ስለሚሄዱ ባዶ ናቸው። ዘንድሮ ገመዱንና መዝገቡን ወንዙ አጠገብ ለሚኖሩ ሁለት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሰጥተናል፤ ጎርፍ ሲበረታ ከድልድዩ ላይ ሆነው እንዲለኩም ተስማምተናል።