«የሞተ ቋንቋ ለልጄ ምን ያደርግለታል?» እና ሌሎች የሰለቹኝ ጥያቄዎች

አውስትራሊያ፣ አደሌድ ከተማ፣ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ አስተማሪ ነኝ። ጠዋት ልጆቹን በር ላይ የምንቀበላቸው «ኒና ማርኒ?» ብለን ነው፤ «ደህና ነህ?» እንደ ማለት። ቋንቋው የዚህ ከተማ ምድር ባለቤቶች የጋርና ሕዝብ ነው። (በእንግሊዝኛ አጻጻፉ «ካውርና» ይመስላል፤ አነባበቡ ጋርና ነው።) በሩ ላይ ቆመው የሚጠይቁኝ ወላጆች፣ የእኛ ሰዎች ጭምር፣ ጥያቄያቸው ከዓመት ዓመት ያው ነው። እስቲ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

«አቦርጂንኛ ትችያለሽ?» እንዲህ የሚባል ቋንቋ የለም፤ «አቦርጂን» የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች የጋራ መጠሪያ ነው። እንግሊዞች በ1788 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሲሰፍሩ በአህጉሩ ከ250 በላይ ቋንቋዎች ይነገሩ ነበር። በመሀል አውስትራሊያ በረሃ የሚነገረው የዋርልፕሪ ተናጋሪ ጋርና አይሰማም። ፈረንጅ «አፍሪካንኛ ትናገሪያለሽ?» ሲለን እንዴት እንደምንስቅ አስታውሱ።

«ካንጋሮ ማለት ‹አላውቅም› ማለት ነው አሉ።» ተረት ነው። በሰሜን ኩዊንስላንድ የሚነገረው ጉጉ ይሚዲር «ጋንጉሩ» የሚለው አንድ የካንጋሮ ዓይነት ነው። የእንግሊዛዊው መርከበኛ የጄምስ ኩክ ሰዎች በ1770 የሰሙትን ጻፉ፣ በቃ።

«ሰዋስው የለውም።» አማርኛችን «እኛ» ብሎ ይጨርሳል። ዋርልፕሪ አራት «እኛ» አለው፦ እኔና አንተ፤ እኔና እሱ፣ አንተ የሌለህበት፤ እናንተም ያላችሁበት ሁላችን፤ እናንተ የሌላችሁበት ብዙዎቻችን። የዋርልፕሪ ሕፃን ይህን ሁሉ ሳይቸገር ይለያል።

አሁን ደሜን ወደሚያፈላው ልምጣ፦ «የሞተ ቋንቋ ነው።»

ባለፈው ዓመት አንድ አባት፣ የአገሬ ሰው፣ የልጁን ቦርሳ እያቀበለኝ «እህቴ፣ እንግሊዝኛውን አስተምሩልን እንጂ፣ የሞተ ቋንቋ ለልጄ ምን ያደርግለታል?» አለኝ። ወረፋ ስለነበረ ፈገግ ብዬ አሳለፍኩት። መልሱ ይኸው።

በ1839 ታይክልማንና ሹርማን የሚባሉ ሁለት ጀርመናዊ የሉተራን ሚስዮናውያን ፒልታዎድሊ በተባለ ቦታ፣ ዛሬ መሀል ከተማ በሆነው ወንዝ ዳር፣ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ያስተማሩት በጋርና ነበር። በማግስቱ ዓመት ሰዋስውና ወደ 2,000 የሚጠጉ ቃላት የያዘ መጽሐፍ አሳተሙ። ልጆቹ በገዛ እጃቸው በጋርና የጻፏቸው ደብዳቤዎች ወደ ጀርመን ተልከው እስከ ዛሬ አሉ። በ1845 መንግሥት ያን ትምህርት ቤት ዘጋውና ልጆቹን በእንግሊዝኛ ብቻ ወደሚያስተምር አዛወራቸው። እንግዲህ ቋንቋው አርጅቶ፣ ታሞ አልሞተም፤ በር ተዘግቶበት ነው። አፋቸውን በጋርና ከፈቱ ሰዎች የመጨረሻዋ የምትባለው ኢቫሪቺ በ1929 አረፈች።

ከዚያ ስልሳ ዓመት ያህል ዝም አለ። በ1990 ገደማ የጋርና ሕዝብ የልጅ ልጆች ከቋንቋ ምሁራን ጋር ሆነው ያንኑ የ1840 መጽሐፍ ገለጡ። በዘፈን ጀመሩ፣ ወደ ትምህርት ቤት አስገቡት፤ በ2002 «ጋርና ዋራ ፒንትያንዲ» የሚባለውን ቡድን አቋቋሙ፤ ትርጉሙ «የጋርናን ቋንቋ መፍጠር» ነው። ቃል ሲጎድል ይሠራሉ። ድሮም አባቶቻቸው ፈረስን ሲያዩ «ፒንዲ ናንቶ»፣ የመጤዎቹ ካንጋሮ፣ ብለውት ነበር። የዛሬዎቹ ደግሞ አንጎልንና መብረቅን አጋጥመው ኮምፒውተርን «ሙካርንዶ» አሉት። ባለቤቶቹ «የሞተ» ሲባል አይወዱም፤ «ተኝቶ ነበር» ነው የሚሉት።

የዚያ አባት ልጅስ? አሸዋው ላይ ስንጫወት አጥሩ ላይ ያረፈችውን ጥቁርና ነጭ ወፍ አይቶ «ኩራካ!» ብሎ ጮኸ። የወፏ ስም በጋርና ይኸው ነው። መሀል ላይ ያለው «ር» ጠንከር ብሎ የሚንቀጠቀጥ ነው፤ እንግሊዝኛ ብቻ የሚሰሙ ልጆች ምላሳቸው እምቢ ይላቸዋል። እሱ ግን ቤቱ «በርበሬ» እየሰማ ያደገ ነውና እንደ ውሃ አፈሰሰው። ማክሰኞ ማክሰኞ የምትመጣው የጋርና ሽማግሌዋ አንቲ («አንቲ» እዚህ የዝምድና ብቻ ሳይሆን የክብር መጠሪያ ነው) «ድገመው!» አለችው። ሌሎቹ አፍ አፉን እያዩ ተከተሉት። ማታ ለአባቱ ነገርኩት፤ ስልኩን አውጥቶ «እስቲ በለው» እያለ ሊቀርጸው ሞከረ፤ ልጁ አፍሮ ጫማውን ያያል።

«ሁለት ቋንቋ ልጅ ያደናግራል» የሚባለውም አለ። የአውስትራሊያ ሰሜናዊ ግዛት (ኖርዘርን ቴሪቶሪ) መንግሥትም በ2008፣ የተማሪዎቹ ውጤት ዝቅ ማለቱን ምክንያት አድርጎ፣ የትምህርት ቀኑ የመጀመሪያ አራት ሰዓት በእንግሊዝኛ ብቻ ይሁን ብሎ ነበር። በሁለት ቋንቋ ማስተማርን የሙጥኝ ካሉት የዚያው ግዛት መንደሮች አንዷ፣ ይርካላ፣ በ2020 ስምንት ተማሪዎቿን ለዩኒቨርሲቲ በሚያበቃ ውጤት አስመረቀች፤ ለማኅበረሰቡ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ወላጆች ሆይ፣ ልጁ ቃል ቢቀላቅል አትደንግጡ፤ ደግሞም እባካችሁ «እንግሊዝኛው እንዳይጎዳ» ብላችሁ አማርኛውን ከቤት አታስወጡ። እንግሊዝኛው እኛ ብንከለክለውም ይመጣል።

ለባልደረቦቼ ደግሞ፦ ከኢንተርኔት ያገኛችሁትን ቃል አትለጥፉ። አንድ የማውቀው መዋዕለ ሕፃናት በሩ ላይ የፒቻንቻጃራ ሰላምታ ሰቅሎ «የአካባቢያችንን ቋንቋ እናከብራለን» ይል ነበር፤ የፒቻንቻጃራ አገር ከእኛ ርቆ በረሃው ውስጥ ነው። መጀመሪያ የቆማችሁበት መሬት የማን እንደሆነ ጠይቁ፣ ባለቤቶቹን አስፈቅዱ፣ በአፋቸው አስተካክሉ። ሽማግሌዋን ስትጠሩም የሰዓት ክፍያዋን በጀት ውስጥ አስገቡ። ሻይና ብስኩት ክፍያ አይደለም።