ስለ «ሜርኩሪ 13» ሴት አብራሪዎች የሚወራውና እውነታው

አሜሪካ የመጀመሪያዎቹን ጠፈርተኞች ስትመርጥ ወንዶቹ ያለፉበትን የጤና ምርመራ ያለፉ 13 ሴት አብራሪዎችም ነበሩ። ዛሬ «ሜርኩሪ 13» ይባላሉ፤ ሜርኩሪ አሜሪካ ሰው ወደ ጠፈር የላከችበት የመጀመሪያው ፕሮግራም ስም ነው። ታሪካቸው በየማህበራዊ ሚዲያው ይዞራል፤ በዞረ ቁጥር ግን ያልሆነ ነገር ይጨመርበታል። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ናሳ ሴቶቹን አሰልጥኖ አባረራቸው»

ናሳ አላሰለጠናቸውም። ምርመራው የዶክተር ራንዲ ላቭሌስ የግል ሥራ ነበር። ለናሳ ወንዶቹን የመረመረው እሱ ነው። ሴቶችስ ይችሉት ይሆን ብሎ ኒው ሜክሲኮ፣ አልበከርኪ ወዳለው ክሊኒኩ ጠራቸው። ወጪውን የሸፈኑት ዝነኛዋ አብራሪ ጃክሊን ኮክራንና ሀብታም ባሏ ናቸው። 13ቱ ሴቶች በአንድነት ተሰብስበው አያውቁም፤ የሚመጡት አንድ አንድ ወይም ሁለት ሁለት እየሆኑ ነበር። «ሜርኩሪ 13» የሚለው ስም ራሱ የወጣላቸው በ1990ዎቹ ነው።

«ምርመራው ለይስሙላ ነበር»

እስቲ ይህን ስሙ። ራስ እንዲዞር እንደ በረዶ የቀዘቀዘ ውሃ ጆሮ ውስጥ ይጨመራል። የጎማ ቱቦ ይዋጣል። ጉልበት እስኪከዳ ድረስ ብስክሌት ይነዳል። ከ13ቱ አንዷ ጄሪ ኮብ ይህን ሁሉ በየካቲት 1960 ከሴቶች ቀድማ አለፈች። ከዚያ ደግሞ ኦክላሆማ ሲቲ ውስጥ ድምፅም ብርሃንም የማይገባበት የውሃ ገንዳ ውስጥ ተንሳፍፋ ከ9 ሰዓት በላይ ቆየች። ኋላ ሌላዋ፣ ዋሊ ፈንክ፣ ከ10 ሰዓት በላይ ቆይታ በለጠቻት። ከተመረመሩት 19 ሴቶች 13ቱ አለፉ።

«የቀሩት ብቃት ስላነሳቸው ነው»

ዋናው ስህተት ይሄ ነው። የናሳ መስፈርት የጦር ኃይሉን የጄት ሙከራ አብራሪዎች ትምህርት ቤት መጨረስን ይጠይቅ ነበር። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ሴት አይቀበልም ነበር። ደጁን ቆልፎ «ለምን አልገባሽም?» እንደማለት ነው። መስፈርቱ 1,500 የበረራ ሰዓት ሲጠይቅ ኮብ ከ7,000 በላይ ነበራት። የምህንድስና ዲግሪ ወይም ተመጣጣኙም ይፈለግ ነበር፤ ከመጀመሪያዎቹ ጠፈርተኞች አንዱ ጆን ግሌን ግን ዲግሪውን ሳይጨርስ ተመርጧል። ለወንድ የሠራው «ተመጣጣኝ» ለሴት አልሠራም።

በመስከረም 1961 ሴቶቹ ፔንሳኮላ በሚገኘው የባሕር ኃይል ጣቢያ ለሚቀጥለው ዙር ሻንጣ ሲያዘጋጁ ቴሌግራም ደረሳቸው፤ ተሰርዟል። ባሕር ኃይሉ ናሳ በይፋ ካልጠየቀኝ አልፈቅድም አለ። ለዚህ ሲሉ ሥራቸውን የለቀቁ ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ ሣራ ጎረሊክና ጂን ኖራ ስተምቦ። ሜዳ ላይ ቀሩ።

«የተቃወሟቸው ወንዶች ብቻ ናቸው»

በሐምሌ 1962 ጉዳዩ ኮንግረስ ደረሰ። ኮብና ከ13ቱ አንዷ፣ የሴናተር ሚስት የነበረችው ጄን ሃርት ቀርበው ተከራከሩ። ጆን ግሌን ሴቶች በዚህ ሙያ አለመኖራቸው የማኅበራዊ ሥርዓታችን ሐቅ ነው ብሎ መሰከረ። ወጪያቸውን የከፈለችው ኮክራን ራሷስ? ሴቶች እያገቡ ስለሚለቁ ገንዘቡ ይባክናል፣ አትቸኩሉ አለች። እኔን ከግሌን ይልቅ የገረመችኝ እሷ ናት።

ከዚያ በፊት በመጋቢት ምክትል ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ኮብንና ሃርትን አነጋግሯቸው ነበር። ለናሳ እንዲፈርምበት በተዘጋጀለት ደብዳቤ ላይ ግን ይህ ነገር አሁኑኑ ይቁም ብሎ በእጁ ጻፈበት።

«ቴሬሽኮቫ የሄደችው ለፕሮፓጋንዳ ብቻ ነው»

ሶቪየቷ ቫለንቲና ቴሬሽኮቫ ጠፈር የደረሰች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ፕሮፓጋንዳው ነበር፤ መካድ አይቻልም። የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛና ፓራሹት ዘላይ እንጂ አብራሪ አልነበረችም። ቢሆንም በሰኔ 1963 ወደ 3 ቀን ገደማ ምድርን 48 ጊዜ ዞረች። የስድስቱ አሜሪካውያን የሜርኩሪ በረራዎች አንድ ላይ ቢደመሩ ያንን ሰዓት አይሞሉም። ሶቪየቶችም ቢሆኑ ሁለተኛዋን ሴት የላኩት ከ19 ዓመት በኋላ ነው።

«በመጨረሻ ናሳ ካሳቸው»

አልካሳቸውም። ከአሜሪካ ሴቶች ቀድማ በ1983 ጠፈር የበረረችው ሳሊ ራይድ የፊዚክስ ባለሙያ እንጂ ከ13ቱ አንዷ አልነበረችም። የናሳን መንኮራኩር የማብራት ዕድል ለሴት የደረሰው በ1995 ለአይሊን ኮሊንስ ነው፤ እሷ ግን ለማስወንጨፉ ዕለት እነዚህን አሮጊቶች ጋብዛቸዋለች። ኮብ ሕዋን ሳታይ በ2019 አረፈች። ከ13ቱ የደረሰችው ዋሊ ፈንክ ብቻ ናት፤ እሷም በ82 ዓመቷ፣ በ2021፣ በጄፍ ቤዞስ የግል ኩባንያ ሮኬት። በረራው 10 ደቂቃ ያህል ፈጀ።