የቤት ሻጩ የግብር ደረሰኝ ለገዢው ለምን አይሠራም?

«የቤቱ የዓመት ግብር ስንት ነው?» ብሎ ገዢው ሲጠይቅ ሻጩ ደረሰኙን ያሳያል። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ግን የሻጩ ነው። በብዙ ቦታ ባለቤቱ ራሱ ለሚኖርበት ቤት የግብር ቅናሽ ይደረጋል። ቅናሹ የነዋሪው እንጂ የግድግዳው አይደለም፤ ስለዚህ አብሮ አይሸጥም። በአሜሪካዋ ሳውዝ ካሮላይና ለምሳሌ፣ ባለቤቱ የሚኖርበት ቤት ግብር የሚሰላው በዋጋ ግምቱ 4 በመቶ ላይ ነው፤ ባለቤቱ በቋሚነት የማይኖርበት የሁለተኛ ቤት ግን በ6 በመቶ ላይ። ባለቤቱ የሚኖርበት ቤት ከትምህርት ቤቶች የሥራ ማስኬጃ ግብርም ነጻ ነው፤ ሁለተኛው ቤት ይህንንም ይከፍላል። ሽያጩ ራሱ አዲስ የዋጋ ግምት ሊያስከትልም ይችላል።

ሻጭ ይህን ሳይጠየቅ ቢናገር ደግ ያደርጋል። ገዢም ግብር ገማቹን ቢሮ «በቤቱ ቋሚ ነዋሪ ካልሆንኩ ስንት እከፍላለሁ?» ብሎ ከመፈረሙ በፊት ይጠይቅ።