ለጡረታ ጉዞ የመኖሪያ መኪና አመራረጥ በጎጃም

መኖሪያ መኪና መኝታ፣ ማብሰያ፣ የውሃ ታንከር፣ መጸዳጃና የራሱ ኤሌክትሪክ ያለው፣ በራሱ ሞተር የሚጓዝ መኪና ነው። በውጭው ዓለም ሞተርሆም ይባላል። «የቤት መኪና» ብሎ መጥራት አይመችም፤ ያ ስም በእኛ አገር የግል አውቶሞቢልን ስለሚያመለክት ሻጭና ገዢ አይግባቡም።

በኢትዮጵያ የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ዓመት ነው። በዚህ ዕድሜ ያሉ ባልና ሚስት ከደጀን እስከ ባሕር ዳር፣ ከሞጣ እስከ እንጅባራ ገዳማቱን እየተሳለሙ፣ ዘመድ እየጠየቁ ወር ሁለት ወር መሰንበት ሲያስቡ መጀመሪያ የሚያዩት የመኪናውን ስፋት ነው። ጎጃም ውስጥ ግን ምርጫውን የሚወስኑት የዓባይ በረሃ ቁልቁለት፣ የክረምት ጭቃና የመኪናው መውጫ ደረጃ ናቸው። በእነዚህ ሦስቱ ሲመዘን ለአብዛኛው ጡረተኛ የሚሻለው ኮስተርን የሚያህል መካከለኛ መኪና ነው፤ ትልቁ አውቶቡስ የሚያዋጣው ለጥቂቱ ነው።

የፋብሪካ ዓይነቶች

በሰሜን አሜሪካ አከፋፈል ትልቁ ክላስ ኤ ነው። መልኩ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ይመስላል፤ ከ8 እስከ 13.7 ሜትር ይረዝማል፣ ወርዱ 2.5 ሜትር ገደማ ነው። አንዱ ወገን የቤንዚን ሞተሩን ከፊት ያስቀምጣል። ሌላው የናፍጣ ሞተሩን ከኋላ ያደርግና የአየር ፍሬን ይጨምርበታል። ይህኛው ለሹፌሩ ጸጥ ያለና የተደላደለ ቢሆንም ክብደቱ ብዙ ጊዜ ከ10 ቶን ያልፋል። የሁለቱም ፍጆታ በ100 ኪሎ ሜትር ከ25 እስከ 40 ሊትር ነው።

ክላስ ሲ በቫን ወይም በቀላል ጭነት መኪና ሻንሲ ላይ የሚሠራ ሲሆን ከጋቢናው በላይ የወጣ አልጋ አለው። ያ አልጋ መሰላል ስለሚጠይቅ በ60ዎቹ ላሉ ሰዎች ዕቃ ማስቀመጫ ከመሆን አያልፍም። ክላስ ቢ እንደ መርሴዲስ ስፕሪንተርና ፊያት ዱካቶ ባሉ ቫኖች ውስጥ የሚደራጅ ትንሹ ዓይነት ነው።

ከእነዚህ አንዱን ከውጭ አስመጥቶ ጎጃም ላይ መንዳት ግን ብዙ እንቅፋት አለው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎችን ወደ አገር ማስገባት ተከልክሏል። ቀድሞ የገባ ቢገኝም የአሜሪካው የውስጥ ዕቃ የተሠራው ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ስለሆነ ማይክሮዌቩን ወይም ማቀዝቀዣውን በቀጥታ ሶኬት ላይ መሰካት ማቃጠል ነው። አዲሶቹ የናፍጣ ሞተሮች ደግሞ የድኝ መጠኑ ከ15 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 15 እጅ) ያልበለጠ ነዳጅ ይፈልጋሉ፤ ከዚያ የበዛ ድኝ ያለበት ናፍጣ የጭስ ማጣሪያቸውን ያበላሻል። ብዙዎቹ ዘመናዊ ክላስ ኤዎች ያላቸው ወደ ጎን ተንሸራቶ የሚወጣ ክፍልም የጠጠር መንገድ አቧራ ጎማ ማሸጊያው ውስጥ ሲገባ ይነክሳል። መኪናው ወጣ ገባ መሬት ላይ ሲቆም ክፍሉ ተጣሞ አልገባም ይላል። ክፍሉ እንደወጣ መኪናውን መንዳት ደግሞ አይቻልም።

ስለዚህ እውነተኛው ምርጫ አገር ውስጥ ያሉትን አራት መኪናዎች ወደ መኖሪያ መለወጥ ነው፦ አባዱላ የምንለው ቶዮታ ሃይስ፣ ኮስተር፣ ቅጥቅጥ አይሱዙ እና ትልቅ አውቶቡስ።

የዓባይ በረሃ ፈተና

ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሁሉ ከጎሐጽዮን ወርዶ በጃፓን መንግሥት ድጋፍ የተሠራውን 303 ሜትር የሕዳሴ ድልድይ ይሻገርና ወደ ደጀን ይወጣል። ቁልቁለቱም ሽቅቡም እያንዳንዳቸው ከ1,000 ሜትር በላይ የከፍታ ልዩነት አላቸው። መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በየቦታው ይጎብጣል፣ ይሰነጠቃል።

ቁልቁለት ሲወረድ ክብደት በሙሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። የ12 ቶን አውቶቡስ ፍሬኑና ሞተሩ የሚሸከሙት ሙቀት ከ5 ቶን ኮስተር ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ ነው። ተጨማሪ የሞተር ፍሬን የሌለው ከባድ መኪና እዚህ መግባት የለበትም። ደንቡ ሽቅብ በሚወጣበት ማርሽ መውረድ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ። ፍሬን ለአጭር ጊዜ ጠንከር ተደርጎ ይያዛል፣ ከዚያ ይለቀቃል። እግርን በስሱ አሳርፎ መውረድ የፍሬን ሸራውን ያነድዳል። የተቃጠለ ሸራ ሽታ ከመጣ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ቆሞ ግማሽ ሰዓት ማሳረፍ ነው። በጋለ ታምቡር ላይ ውሃ መድፋት ግን ብረቱን ይሰነጥቀዋል።

በፈሳሽ በሚሠራ ፍሬን ላይ የማይታይ ሌላ አደጋ አለ። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ 230 ዲግሪ ድረስ አይፈላም። እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን በ155 ዲግሪ ሊፈላ ይችላል። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይፈጥራል፣ ፔዳሉም ወለል ድረስ ይሰምጣል። ጋራዥ ውስጥ ሲታይ ምንም ያልነበረበት ፍሬን ድልድዩ ሳይደረስ የሚከዳው በዚህ ምክንያት ነው። በየሁለት ዓመቱ ማስቀየር ከማንኛውም የውስጥ ማስዋቢያ ይቀድማል።

በደጀን በኩል ሽቅቡ ደግሞ የሞተር ጉዳይ ነው። ቱርቦ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) የሌለው ሞተር 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። በብዙ ኮስተሮች ላይ ያለው 4.2 ሊትር 1ኤችዜድ ሞተር ቱርቦ የለውም፤ ቀስ ብሎ፣ ግን ሳይሰበር ይወጣል። በመኸር ወራት ጭድና አቧራ በራዲያተሩ ክንፎች መካከል ገብቶ ስለሚደፍነው፣ ከበረሃው በፊት ከውስጥ ወደ ውጭ በአየር ማስነፋት ያስፈልጋል።

አራቱ መኪናዎች ሲነጻጸሩ

አባዱላ ጠባብ መንገድ ይገባል፣ የትም ይቆማል፣ የቤት አውቶሞቢል መንዳት የለመደ ሰው አይቸገርበትም። ችግሩ ውስጡ ሰው ቀጥ ብሎ መቆም አለመቻሉ ነው። ጎንበስ ብሎ ሱሪ መልበስ ለአንድ ሳምንት ይቻላል፤ ለሁለት ወር ግን ወገብ ይጨርሳል። አጭር ጉዞ ለሚያደርጉና ማታ ማታ ፔንሲዮን ለሚያድሩ ይበቃል።

ቅጥቅጥ አይሱዙ የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ በአገር ውስጥ ቦዲ የተገጠመለት ነው። ዕቃ መለዋወጫው ደብረ ማርቆስም ቡሬም ባሕር ዳርም ይገኛል። ከመሬት ከፍ ያለ ስለሆነ ወደ ሰከላና ግሽ ዓባይ፣ ወይም ወደ ጮቄ ግርጌ በሚወስዱት የጠጠር መንገዶች አይፈራም። ባሌስትራው ግን ለብዙ ቶን ጭነት የተሠራ ነው፤ አልጋና ወንበር ብቻ ሲጫንበት ድንጋይ ላይ እንደሚንከባለል በርሜል ይነጥራል። ወለሉ ወደ አንድ ሜትር ከፍ ስለሚል ጉልበት የሚያማቸው ሰዎች በቀን አሥር ጊዜ መውጣት መውረዱ ይከብዳቸዋል።

ትልቁ አውቶቡስ ምቹ ቤት ነው፤ ባሕር ዳር ወይም ፍኖተ ሰላም አንድ ግቢ ውስጥ ወር ለሚቀመጥ ሰው ይሆናል። ከዋናው አስፋልት ሲወጣ ግን መመለሻ ያጣል። ዋልካ አፈር ላይ በሰኔ አንድ ጎማው ከሰመጠ በትራክተር ካልሆነ አይወጣም።

ኮስተር ለምን እንደሚመረጥ ከላይ ያለው በከፊል ይናገራል። ረጅሙ ወደ 7 ሜትር፣ ወርዱ 2.08 ሜትር ገደማ ነው። ውስጡ ቁመቱ 1.8 ሜትር አካባቢ ስለሆነ አብዛኛው ሰው ይቆምበታል። ወለልና ጣሪያ ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ፎም ከተነጠፈ 6 ሴንቲ ሜትር እንደሚጠፋ ግን አስቀድሞ መለካት ያሻል። ከኋላ ጎማው ወደ ኋላ የወጣው ጭራው ረጅም ስለሆነ ቦይ ሲሻገር መሬት ይነካል፤ በሰያፍ መሻገር ይረዳል።

ሲገዛ የሚታየው ከቀለሙ በታች ያለው ነው። ኮስተር በመስኮት ጎማ ሥር፣ በጣሪያ ውሃ መውረጃና በጎማ ቅስቶቹ ዙሪያ ይዝጋል። የወለሉ ምንጣፍ ተነስቶ ላሜራው በካቻቪቴ ጫፍ ጠበቅ ተደርጎ ይነካ፤ ጤነኛ ብረት ይጮኻል፣ የበሰበሰ ይሰምጣል። በስቱኮ የተሸፈነ ዝገት ላይ ማግኔት አይጣበቅም። ጎማው ላይ የተጻፉትን አራት ቁጥሮችም ማንበብ ነው፦ 2319 ማለት በአውሮፓውያን 2019 ዓ.ም. በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ብዙ የሚቆም መኪና ጎማው ሳይበላ ያረጃል፤ ከሰባት ዓመት ያለፈ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ለበረሃው አይታመንም።

የውስጥ አደረጃጀት

አንድ ትልቅ አልጋ ከማድረግ መተላለፊያ ያላቸው ሁለት ነጠላ አልጋዎች፣ እያንዳንዳቸው 70 በ190 ሴንቲ ሜትር፣ ይሻላሉ። ሌሊት ለሽንት የሚነሳው ሌላውን አይሻገርም። ከበሩ ሥር ታጣፊ ደረጃ ተጨምሮ እያንዳንዱ እርምጃ ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ይውረድ፤ መያዣ ብረት በሁለቱም በኩል ይበየድ። ይህ ትንሽ የሚመስል ሥራ ከሶላሩ በላይ የጉዞውን ዕድሜ ያራዝማል።

ውሃ ቆጥቦ ለሚጠቀም ሰው በቀን 20 ሊትር ይበቃል። ለሁለት ሰው ለሦስት ቀን 120 ሊትር፣ ማለትም 120 ኪሎ ይሆናል። ታንከሩ ከኋላ ጎማ ፊት፣ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ። ጭራው ላይ ከተቀመጠ የፊት ጎማው ይቀላል፣ መሪው ይንሳፈፋል። ፖርቶ መጋላ ላይ መጫን ደግሞ መኪናውን ኩርባ ላይ ያንገዳግደዋል።

ለኤሌክትሪኩ የቀን ፍጆታን መደመር ነው። በ12 ቮልት የሚሠራ ትንሽ ፍሪጅ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ፣ መብራት፣ ስልክና የውሃ ፓምፕ ተደምረው ሌላ ሩብ። የ100 አምፔር ሰዓት ሊቲየም ባትሪ 1.28 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል፤ ተመሳሳይ መጠን ያለው የአሲድ ባትሪ ግን ግማሹን ብቻ ነው ሳይጎዳ የሚሰጠው። በበጋ 400 ዋት ሶላር ይህንን በቀላሉ ይሞላል፤ በሐምሌና ነሐሴ ደመና ግን አይታመንም። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ካለ ፍሪጁ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መያዙን በቴርሞሜትር ማረጋገጥ ይገባል፤ በረሃው ውስጥ የቆመ መኪና ምድጃ ይሆናልና።

የኤሌክትሪክ ምጣድ በዚህ ሥርዓት አይሠራም። 3.5 ኪሎዋት ያህል ስለሚጎትት ከ12 ቮልት ባትሪ ወደ 290 አምፔር ይጠይቃል፤ ያንን የሚችል ሽቦ የጣት ውፍረት አለው። እንጀራ ከየከተማው ይገዛል፣ ድርቆሽ ደግሞ ይያዛል። ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ላይ ውሃ ከ92 ዲግሪ ብዙም ሳያልፍ ስለሚፈላ ለባቄላና ለምስር ፕሬዠር ኩከር ጋዝ ይቆጥባል።

የጋዝ ሲሊንደሩ ወደ ውጭ ብቻ በሚከፈት ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ። የቡታጋዝ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል፤ ስለዚህ የሳጥኑ ማናፈሻ ቀዳዳ ወለሉ ላይ ይሁን። ከሰል ደግሞ በምንም ምክንያት መኪና ውስጥ አይቀጣጠል። የቡናው ረከቦትና ጀበና ከበሩ ውጭ፣ በሸራው ጥላ ሥር ይዘርጋ። በብርዱ ሌሊት ለማሞቂያ ተብሎ የሚገባ ፍም ሽታ የሌለው መርዝ ይሰጣል፤ የተኛ ሰው አያውቀውም።

መጸዳጃው የሚወጣ ካሴት (የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ሳጥን) ያለው፣ 20 ሊትር ገደማ የሚይዝ ቢሆን ለሁለት ሰው በሁለት ወይም በሦስት ቀን ይደፋል። የሚደፋው ባለቤቱ ተጠይቆ ጉድጓድ ሽንት ቤት ውስጥ ነው። ወንዝ ዳር፣ ምንጭ አጠገብ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰው ለጠበል በሚሄድበት በግሽ ዓባይ አካባቢ መድፋት ነውርም በደልም ነው።

ወረቀት፣ ወቅትና መቆሚያ

ወንበር ከመነቀሉ በፊት ሊብሬው ላይ የተጻፈው የመኪናው ዓይነትና የመቀመጫ ቁጥር እንዴት እንደሚለወጥ፣ የትኛው መንጃ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ መንገድ ትራንስፖርት ጠይቆ በጽሑፍ መያዝ ነው። ካልተስተካከለ ቦሎ ሲታደስ ችግር ያመጣል፤ አደጋ ከደረሰ ደግሞ ኢንሹራንሱ ሊከራከር ይችላል።

ጥሩው ወቅት ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል አለ፤ የሚሄድ ቀደም ብሎ መቆሚያ ይያዝ። የዘንገና ሐይቅ ከዚያ ቅርብ ነው። በምሥራቁ በኩል የደብረ ወርቅና የመርጡለ ማርያም አድባራት አሉ፤ በቤተ ክርስቲያን ግቢ አጠገብ ለማደር አስተዳዳሪውን ማስፈቀድ ግድ ነው። የዕለቱን የመንገድ ሁኔታና ጸጥታ ጠዋት መናኸሪያ ላይ ካሉ ሹፌሮች ጠይቆ መነሳት፣ ከቀኑ 11 ሰዓት በፊትም ዘበኛ ያለው ግቢ መግባት ይገባል። ቆላ ሲታደር አጎበር አይረሳ።

ሰኔ ሲገባ መኪናው ጣሪያ ሥር ይቁም። የውሃ ታንከሩና ቧንቧው ባዶ ይደረግ፣ ካሴቱ ይታጠብ። የሊቲየም ባትሪው ግማሽ ያህል ተሞልቶ ከሽቦው ይነቀል፤ ጎማው ከተለመደው በጥቂቱ በለጥ ተደርጎ ይነፋ፣ በየወሩም መኪናው ግማሽ ዙር ወደ ፊት ይገፋ። ጤፍና ዳቦ ቆሎ ከመደርደሪያው ይውጣ፤ አይጥ ለእህሉ ብላ ትገባና ሽቦውን በልታ ትወጣለች።